የሽቱ ሀሰን ፊት

እኔ የምኖረው በፊቴ ነው። ለመመጻደቅ አይደለም፤ የሥራ ፈቃዴ ላይ «ሙያ፦ ፊት» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ እንደኔ ያሉ መቶ አርባ ገደማ ፊቶች አሉ። አብዛኞቻችን ረዣዥም ነን፣ ከአራቱ በቀር ወንዶች ነን፣ ሁላችንም ስንናገር አናመነታም። የማናውቀውን ነገር ስንናገር ደግሞ ጨርሶ አናመነታም።

ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ እነሳና መስተዋት ፊት ቆሜ መወሰን እለማመዳለሁ። «አይሆንም» እላለሁ። «በሦስት ወር ውስጥ ይጠናቀቃል» እላለሁ። ምን እንደሚጠናቀቅ እኔም አላውቅም። ፂሜን በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ነው የምላጨው፤ ሙልጭ ብሎ የተላጨ ሰው ተቀጣሪ ይመስላል ይባላል። የሸሚዜን እጅጌ እስከ ክርኔ እጠቀልላለሁ። ከቤት እስከ ፋብሪካው ያለውን መንገድ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፤ በየመብራቱ እንጨት ላይ ያሉት ዓይኖች አረማመድም ይመዘግባሉ። ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። በአርባ አንድ ዲግሪ ሙቀት ፈጠን ብለው የሚሄዱት እንግዲህ ፊቶችና የታመመ ያለባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።

ነጥቡን የሚሰጠው ሚዛኑ ነው። ትልቅ ስም አለው፤ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይፈጃል፤ ሰው ግን ሚዛኑ ብቻ ነው የሚለው። ሥራ ልጀምር ብሎ የመጣን ሰው ያየዋል፣ ያናግረዋል፣ የት እንደተወለደና ወላጆቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ይሳካለት ወይም አይሳካለት እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ከስልሳ በታች ያገኘ ፈቃድ አያገኝም፤ ፈቃዱ የሚወጣበት ነጥብ ያለው ፊት መቅጠር ግን ይችላል። ያስተማሩት ሰዎች ባለፉት ሰማንያ ዓመታት የነበሩ ባለጸጎችን ፎቶ፣ ቃለ መጠይቅና የሕይወት ታሪክ እየመገቡ ነው ያስተማሩት። በዚያ ሁሉ ዘመን ሴት ባለጸጋ አልነበረችም አይባልም። ነበረች፤ ግን ጋዜጠኛው በመጣ ቁጥር የሚያናግረው ባሏን ነበር። ሚዛኑ ያየውን ተማረ፣ የተማረውን ደግሞ እኛ ላይ ይሠራበታል።

የኔ ነጥብ ሰማንያ ስምንት ነው። በሃያ ስምንት ዓመቴ ዳቦ ቤት ከፍቼ በአራት ወር ዘግቼዋለሁ፤ ሊጥ በቅጡ ማስነሳት እንኳ አልሆነልኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሚዛኑ ሲያየኝ ነጥቤን በሦስት ከፍ አድርጎ «ከውድቀት የተማረ» ብሎ ጻፈልኝ። የተማርኩት ነገር ቢኖር ዳቦ ከሰው መግዛት እንደሚሻል ነው።

የሽቱ ሀሰን ነጥብ አሥራ ዘጠኝ ነው።

ሽቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ከደሴ በስተምዕራብ ባለ አንድ መንደር እናቷ እንስራ ትሠራ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከእናቷ እንስራ ውኃ ይጠጣ ነበር፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ቀርቷል ይባላል፤ ትምህርት ቤትም እንደቀረ ያስተምራሉ። ሚዛኑ ግን የእናቷን ሙያ ሲሰማ ሰባት ነጥብ ቀነሰባት። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ከተመሳሳይ መነሻ የተሳካለት አልተመዘገበም» አለ። ውሸቱን አይደለም፣ አልተመዘገበም።

የሠራችው ነገር ይህ ነው። እንስራ ውኃ ሲሞላ ሆዱ ላይ ያልበዋል፣ ውስጡ ያለው ውኃም ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሽቱ «ግድግዳስ ለምን አያልበውም?» ብላ አሰበች። ውስጣቸው ቀጫጭን ቀዳዳ ያለባቸው የሸክላ ጡቦች ሠራች። ጡቦቹ ከሥራቸው ካለች ጠባብ ቦይ ውኃ ይስባሉ፣ ነፋስ በቀዳዳቸው ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ውጭ አርባ አንድ ሲሆን ውስጥ ሃያ ስድስት ይሆናል፣ ያለ አንዲት ክር መብራት። ዛሬ ከሐይቅ እስከ ባቲ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በሷ ግድግዳ ነው መድኃኒት የሚያስቀምጡት። እዚያ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ከመጀመሪያዎቹ ጡቦች እቶን ውስጥ እየተሰነጠቁ ስንቱን እንደጣለች እሷም መቁጠሩን ትታዋለች። ሚዛኑ ግን የተሰነጠቁትን ቆጥሮ አራት ነጥብ ቀነሰባት። የኔ ዳቦ ቤት ትምህርት ነበር፣ የሷ ጡብ ውድቀት ሆነ።

የተገናኘነው በ2076 ዓ.ም. በፊቶች መቀጠሪያ አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ጡብ ታቅፋ፣ የአንድ ዓመት ልጇን አዝላ ተቀምጣ ነበር። አጭር ናት፤ ስትናገር መሬት መሬት ታያለች፤ ከመመለሷ በፊት ዝም ብላ ታስባለች። እኔም እንደ ሚዛኑ ነበርኩና አንዴ አይቼ ፈረድኩ።

«ለጽዳት ከሆነ በጓሮ በር ነው የሚገባው» አልኳት።

«አይ፣ አንተን ልቀጥርህ ነው የመጣሁት» አለች።

እስከ ዛሬ ያን ስናስታውስ እሷ ትስቃለች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔ አልስቅም። ለምን እኔን እንደመረጠች ስጠይቃትም፣ «ሌሎቹንም ሰማኋቸው። ምንም ሳታውቅ የምታውቅ የምትመስለው አንተ ነህ» አለችኝ። ስድብ አልነበረም። አፈር ስትመርጥም እንዲሁ ናት፣ ለሚጠቅመው ነገር ትወስደዋለች።

ስለዚህ ፈቃዱ በኔ ስም ወጣ። የፋብሪካው በር ላይ ያለው ፎቶ የኔ ነው፤ እጄን አጣጥፌ ሩቅ እያየሁ ነው የተነሳሁት። ለብቻችን ስንሆን «እትዬ ሽቱ» እላታለሁ፣ እሷም «አንተ ልጅ» ትለኛለች፤ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። ሰው ፊት ግን «አቶ እንድሪስ» ነኝ፣ እሷ ደግሞ ቦቲ ጫማ ያጠለቀች ጭቃ ረጋጭ ናት። እንግዳ ሲመጣ የእጅ ውኃ ታስታጥባለች። አንዴ አንድ ገዢ እጇን አይቶ «ምስኪን» ብሎኛል። አንገቴን ነቀነቅሁለት፣ ሥራዬ ነውና።

በመጀመሪያው ዓመት ልንያዝ ነበር። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «የዚህ ጡብ አፈር ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። በዚያች ቅጽበት ሠራተኛው ሁሉ ወደ ሽቱ አየ። እኔም አየሁ። ተቆጣጣሪው «ፊቱ ባዶ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብን፤ ፊት መቅጠር ይፈቀዳል፣ ከፊቱ ኋላ ሌላ ሰው መታየቱ ግን አይፈቀድም። ሁለተኛ ከተጻፈ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል።

ከዚያ በኋላ ነው ሽቱ የቅዳሜውን ልምምድ ያመጣችው። ሥራ ሲያልቅ ሠራተኞቹን በማድረቂያው መደርደሪያ ፊት ታሰልፋቸዋለች። ራሷ ወደ ውጭ ወጥታ እንደ እንግዳ ትገባና ድንገት፣ «ይህን ማን ሠራው?» ትላለች። ሁሉም ወደኔ ማየት አለባቸው። በአፍ መመለስ አይደለም ዋናው፣ አፍ ለሁሉም ይቀላል፤ ዓይን ነው። ዓይኑ ወደሷ የተንሸራተተ ለሁሉም ሻይ ያፈላል። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ሻይ አፍይ ሆኖ ነበር። እያደር ለመዱት። በሦስተኛው ዓመት ዓይኑ የሚሳሳት ሰው ጠፋ። ከሁሉ የሚጎብዙት እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ ከሽቱ ጋር ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭቃ የረገጡ ትልቅ ሴት ናቸው። «እኔ ከሞት አስነስተው ቢጠይቁኝም እንድሪስን ነው የማየው» ይሉ ነበር።

የሽቱ ልጅ ኢልሃም ከሰልፉ መካከል አደገች። ሳትራመድ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና፣ ስትራመድ ደግሞ ከእትዬ ዘሃራ ቀሚስ ሥር ቆማ። ለሷ ጨዋታ ነበር። እናቷ «ይህን ማን ሠራው?» ስትል እየሮጠች መጥታ እግሬን ታቅፋለች። እውነቱን የነገራት የለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሄዳ ታወራለች፣ ትምህርት ቤትም ዓይን አለ። ትልቅ ስትሆን ይነገራታል እንባባል ነበር። እንዲህ እየተባባልን ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት።

አንድ ነገር ግን ቀን ተቆርጦለት ነበር። ፊት ቀጥሮ የሚሠራ ሰው እስከ አሥራ ሁለተኛው ዓመት ድረስ ስሙን እንዲመልሱለት አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ካልጠየቀ፣ ወይም ጠይቆ ካልሆነለት፣ ሥራው ለዘለዓለም የፊቱ ይሆናል። እኔ ልመልስልሽ ብላትም አልችልም፤ ከስልሳ በታች ላለ ሰው ድርጅት ማስተላለፍ ክልክል ነው። ሕጉ ባለሀብቱን ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ነው ይላል። ባለሀብቱ እንግዲህ እኔ ነኝ።

በጥር ወር መጨረሻ ሽቱ ቢሮዬ ገባች። ቢሮዬ ማለት ባዶ ጠረጴዛ ነው። በሩን ዘጋችው።

«ስሜን ልጠይቅ ነው» አለች።

ደስ አለኝ። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ሥራ መመስገን ደስ የሚል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ሞክሮ ይየው። እንዴት እንደሚሆን ነገረችኝ። መዛኝ የሚሏት የሚዛኑ ሠራተኛ መጥታ በፋብሪካው ውስጥ ያሉትን ዘጠኝ ሰዎች ትጠይቃለች፤ ስምንቱን ሠራተኞችና ኢልሃምን። ጥያቄው አንድ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ ዓይናቸው ወደ ሽቱ ከሄደ፣ ሌላው ነጥቧ ምንም ቢሆን ስሟ ይመለሳል።

«ሦስት ብቻ?» አልኳት። «ያለቀ ነገር ነዋ። ለእትዬ ዘሃራ ነግሬ፣ እሳቸው ለቀሩት ይነግሩና...»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ምስክር ማስጠናት ክልክል ነው። ቢያውቁ ይሰረዛል።»

«ማን ያውቃል? እኛ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናስጠና ነው የኖርነው።»

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እሱስ ይሁን» አለች። «አስጠንቻቸው ቢያዩኝ ምን ይረባኛል? አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳይነግራቸው ቢያዩኝ ነው የምፈልገው። እውነቱን ያውቁታል። ሰው የሚያውቀውን ያያል።»

«እንግዳ ሲመጣ ግን ወደኔ እንዲያዩ አስተምረሻቸዋል። መዛኟ እንግዳ ናት።»

ይህን ስላት ፊቷ ጠቆር አለ። እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ መላጥ ጀመረች።

«ኢልሃም አለች» አለች በመጨረሻ። «እሷ ሕፃን ነበረች፣ ለሷ ጨዋታ ነው። አፈር ሳቦካ፣ እቶን ስጠብቅ፣ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ልጅ እናቷን ነው የምታየው። እሷ ካየች ሌሎቹም የሷን ዓይን ተከትለው ያያሉ።»

መዛኟ ከመምጣቷ በፊት ባለው ቀን እትዬ ዘሃራ ጋ ሄድኩ። ገለባ እያሰሩ ነበር። አፌን ከፍቼ ስለ ሙቀቱ አወራሁ፤ እሳቸውም ስለ ሙቀቱ አወሩ። ለሽቱ ቃል ገብቼ ነበርና ምንም ሳልተነፍስ ተመለስኩ። በዕድሜዬ ቃሌን የጠበቅሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ያን ቀን ባልጠበቅሁት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ስሟ ቤዛዊት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ደረቷ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ያለች ትንሽ መስተዋት ለጥፋለች፤ ሚዛኑ የሚያየውና የሚሰማው በሷ ነው። ትሁት ልጅ ናት፣ በሩ ላይ ያሉትን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ነው የገባችው። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ሽቱ ያን ቀን ቦቲዋን አውልቃ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ መደርደሪያው አጠገብ ቆመች። ሠራተኞቹ አለባበሷን አዩና ተያዩ። ትልቅ እንግዳ መጣ ማለት ነው ብለው ገመቱ። እትዬ ዘሃራ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፤ ይህ በኛ ቤት ተዘጋጁ ማለት ነው። ሙቀቱ ስለበረታ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ኢልሃምም ከጥዋት ጀምሮ እዚያው ናት፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ በጭቃ የሆነ ነገር ትሠራለች።

ቤዛዊት ከመደርደሪያው አንድ ጡብ አንስታ ገለባበጠችው።

«በጣም ያምራል» አለች። «ይህን ማን ሠራው?»

ስምንቱ ሠራተኞች እንደ አንድ ሰው ወደኔ ዞሩ። አንዳቸውም አልተንሸራተቱም። እትዬ ዘሃራ አገጫቸውን ጭምር ወደኔ ቀና አደረጉ። ለሽቱ ሲሉ ነው ያደረጉት። እሷን ለማዳን፣ ፋብሪካዋን ለማዳን፣ ባላቸው ፍቅር ሁሉ እኔን አዩ። እኔ ማንን እንደማይ አጣሁና ኢልሃምን አየሁ።

ልጅቷ ከጭቃዋ ቀና አለች። ሽቱ ሁለት እርምጃ ያህል ከፊቷ ነበረች፤ እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል። ኢልሃም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በእናቷ አጠገብ አሳልፋ፣ እኔን አየችና ፈገግ አለች። አልዋሸችም። የምታውቀውን ነው ያየችው።

ሽቱ ልጇን ስታያት አየሁ። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር መጻፍ አልችልም። እኔ ግን ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው።

የቀረው ወግ ነበር። ቤዛዊት ሽቱን ቢሮ ውስጥ አስቀምጣ ጠየቀቻት። ሽቱ መሬት መሬት እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። እንዴት እንደሠራችው ስትጠየቅ ሃያ ደቂቃ ተናገረች፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ አመዱ፣ ቀዳዳው ከገብስ ፍሬ ከሰፋ ነፋሱ ለምን እንደሚሞት። መስተዋቷ በቀስታ ድምፅ ሰጠች።

«የባለሙያነት ነጥብዎ ዘጠና ሰባት ነው» አለች ቤዛዊት። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የሥራ ፈጣሪነቱ ግን ሃያ ሁለት ነው። ስለ ራዕይዎ ብዙ አልተናገሩም።»

«የተናገርኩት እኮ እሱን ነው» አለች ሽቱ።

ከዚያ ቤዛዊት ወደኔ ዞረች። ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣልኩት።

«እሷ ናት» አልኳት። «እኔ አንድ ጡብ ሠርቼ አላውቅም። ጥሩውን ከመጥፎው አልለይም። ዳቦ እንኳ መጋገር ያልሆነልኝ ሰው ነኝ። ሁሉም ነገር የሷ ነው።»

መስተዋቷ ድምፅ ሰጠች። ቤዛዊት አነበበችና አቀረቀረች።

«ነጥብዎ ዘጠና አራት ሆነ» አለች። «ትሕትና ብሎ ነው የያዘው። ትልልቆቹ ሁሉ፣ ሲጠየቁ፣ ሥራው የሠራተኞቼ ነው ይላሉ።»

«እውነቴን ነው!» አልኩ። ጠረጴዛውን መታሁት።

መስተዋቷ እንደገና ድምፅ ሰጠች። ዘጠና አምስት። ቁርጠኝነት። ዝም አልኩ፣ ዝም ማለቴን ምን ብሎ እንደያዘው አልጠየቅሁም።

ሽቱ ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ በሚለው ወረቀት ላይ በጣቷ ፈረመች። ቤዛዊት ወረቀቱን ስታጣጥፍ ቆየት አለች፤ መስተዋቷን በመዳፏ ሸፈነችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ተመዝኜ ነበር» አለች። «የልብስ ስፌት ልከፍት ብዬ። ሠላሳ አንድ። ከዚያ እዚህ ቀጠሩኝ።» ሽቱ «በርቺ» አለቻት። መኪናዋ ድረስ ሸኘናት።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ እትዬ ዘሃራ ወደ ሽቱ ቀረቡ። ፊታቸው በርቷል። የቀሩት ሠራተኞችም ከኋላቸው ተሰብስበው ነበር።

«አየሽ?» አሏት። «አንድ ዓይን አልሳተም። ይቺ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፣ ድንገት ነው የጠየቀችው። አሳፈርንሽ?»

ሽቱ የሁሉንም ፊት በየተራ አየች።

«አላሳፈራችሁኝም» አለች። «አላህ ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጣችሁ።»

እትዬ ዘሃራ ግንባሯን ሳሟት። ሁሉም እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንዷ ጭቃ እየረገጠች ማንጎራጎር ጀመረች። ሽቱ ክንዴን ይዛ ወደ እቶኑ ኋላ ወሰደችኝ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። «ዘሃራ ብትሰማ ትሞታለች። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ወደውኝ ነው ያደረጉት።»

«ለኢልሃምስ?»

«ለኢልሃም ደግሞ ከሁሉም በላይ።»

«እስከ መቼ እትዬ ሽቱ? ልጅሽ እኮ ናት። አንቺ ማን እንደሆንሽ ማወቅ የለባትም?»

«ንገረኝ እስቲ አንተ» አለችኝ። «እናትሽ ናት የሠራችው ብዬ ዛሬ ብነግራት፣ የዛሬዋ ሴትዮ ምን ልትጠይቅ እንደመጣች አታውቅም? ማንን እንዳየች አታስታውስም? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ተሸክማ ትኑር?»

እሷ ሄደች፤ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ፊት እንዲያለቅስ አይመከርም፣ ዓይን ያብጣል። አሳበጥሁት።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሽቱ ቦቲዋን አጥልቃ፣ አዲሱን ቀሚስ በአሮጌ ለውጣ ጭቃ ትረግጥ ነበር። ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ ወጥተዋል። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እንግዳ ይመጣል ብላ እንድነሳ አላስገደደችኝም። ኢልሃም ከጥግ ተነስታ መጣች። ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ የያዘችው ነገር አለ።

ጡብ ነው። ከኛ ጡብ ያነሰ፣ ገና ያልደረቀ። ጥዋት ሲጠየቁ ቀና ያለችው ከሱ ላይ ነበር።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ይህን እየው» አለችኝ። «ያንተን ጡብ አየሁትና፣ ቀዳዳዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ አቧራ ይደፍናቸዋል አይደል? እኔ ዘንበል አደረግኋቸው። አቧራው ገብቶ ተንሸራቶ ይወጣል።»

ተቀበልኩት። አየሁት። ቀዳዳዎቹ ዘንበል ብለዋል። ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን አላውቅም። ሽቱ መርገጧን አቆመች። ከጭቃው ወጥታ በልጇ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ አየች፣ በጣቷ ጫፍ የአንዱን ቀዳዳ አፍ ነካች፣ ከዚያ ሌላውን። በአቧራው ነገር ሦስት ዓመት ስትቸገር እንደኖረች አውቃለሁ።

«ማን አሳየሽ?» አለቻት።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች ኢልሃም። «ተይው እማ፣ ጭቃ እጅሽ ያበላሸዋል። ጋሼ እንድሪስ ይየው፣ እሱ ያውቀዋል።»

ሽቱ እጇን ሰበሰበች።

«ለአንተ ነው የሠራሁት» አለችኝ ልጅቷ። «ትምህርት ቤት ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲሉን፣ እኔ ለጋሼ እንድሪስ ነው የምሠራው ብያለሁ።»

ጡቡ እጄ ውስጥ ከበደኝ። ሽቱን አየኋት። እንድትናገር፣ አንድ ቃል እንድትናገር፣ በዓይኔ ለመንኳት።

«ንገሪያት እትዬ ሽቱ» አልኳት።

«ምን ልትነግረኝ?» አለች ኢልሃም፣ ከኔ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደኔ እያየች።

ሽቱ የልጇን ሽሩባ አስተካከለች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት።

«አቶ እንድሪስ ጡብሽን ወደውታል» አለች። «ትምህርትሽን በርትተሽ ተማሪ እንጂ፣ ስታድጊ ይቀጥሩሻል።»

ኢልሃም ወደኔ ዞራ ጠበቀች።

«እቀጥርሻለሁ» አልኳት።